የእንጀራው ዳር

አባቴ ገበታ ቀርቦ ካማተበ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አንድ ነበር። ከእንጀራው ዳር የመዳፍ ያህል ይቆርስና ወጥ ሳያስነካ በሞሰቡ ክዳን ላይ ያኖራል። እናቴ ምንም አትለውም። እኛ ልጆቹም ከጸሎቱ ጋር አብረን እያየነው ስላደግን ጠይቀነው አናውቅም። አንድ ምሽት ታናሽ ወንድሜ ርቦት ኖሮ እጁን ወደ ቁራሿ ሲሰድ፣ አባቴ ድምፁን ሳያነሣ «ተዋት፤ እሷ የተማሪ ናት» አለው። አዲስ አበባ እኛ ሰፈር ደግሞ አኩፋዳ አንግቶ በደጅ የሚያልፍ ተማሪ አልነበረም። ቁራሿ ለመጣ ነዳይ ትሰጣለች። ሰው ያልመጣ ዕለት ደርቃ ትቀመጥና በማግሥቱ ሌላ ትደረብባታለች።

አባቴ በወጣትነቱ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን ሊማር ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ሦስት ዓመት ተቀምጧል። ሳያስመሰክር ታሞ ወጣ። ቀሪ ዕድሜውን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሲያገላብጥ አሳለፈ። ስለ ተማሪ ቤት ብዙ አያወራም ነበር። ከዚያ ዘመን ይዟቸው የመጣው ያቺን ቁራሽና፣ ጠዋት ኮቱን ሲቆልፍ የሚያንጎራጉራትን አንዲት ዜማ ብቻ ይመስለኛል። ዜማዋን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያቆማታል። የመጨረሻው ቁልፍ ሲቆለፍ ዜማዋም ትቆማለች። ካረፈ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ የቁራሿን አገር ልየው ብዬ ተነሣሁ።

ያስነሣኝ የአባቴ ነገር ብቻ አልነበረም። በእጅ ስልኬ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው አለ። ታክሲ ተሰልፌ አንድ ምዕራፍ አነባለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ስብከት አዳምጣለሁ፤ ማታ የተላከልኝን ጥቅስ አይቼ እተኛለሁ። እንዲህ ስል ዓመታት ኖሬ፣ አንድ ቀን ልጇን የቀበረች ጓደኛዬ አጠገብ ተቀመጥሁ። የማጽናኛ ቃል ብፈልግ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ያ ሁሉ ያነበብሁት የት ገባ? ባዶዬን መሆኔን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለካ የምግቡ ሽታ ባለፈብኝ ቁጥር የበላሁ እየመሰለኝ ነበር የኖርሁት።

ዓባይን ተሻግሬ ባሕር ዳር አደርሁ። በማግሥቱ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ወረታ ላይ የጎንደሩን መንገድ ትቶ ወደ ምሥራቅ ታጠፈ። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውና ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚባለው ይህ ነው። የፎገራ ሜዳ ሩዝ ከኋላችን ቀረ። ደብረ ታቦርን አልፈን፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ትከሻ ይዘን ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ። በየማሳው ገብስ ይታጨዳል፤ በየአውድማው በሬ ይነዳል። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለ ነበር ረዳቱ ሳይቀር ጾመኛ ነው። ነቢያቱ ቃል ሥጋ እስኪሆን ድረስ የጾሙት ጾም፣ እህል ከማሳ በሚገባበት ወር ላይ መዋሉን ከዚያ በፊት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት የጋይንት ሰው ናቸው።

«ወዴት ነሽ ልጄ?»

«ቤተ ልሔም።»

«ስለት አለብሽ?»

«አባቴ እዚያ ተማሪ ነበር።»

አዛውንቱ ቆባቸውን አነሡ። «እንግዲያ የእኛን እንጀራ በልቷል» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ወደ ውጭ ከተመለከቱ በኋላ፣ «የእናቴንም በልቶ ይሆናል» ሲሉ ጨመሩ።

እስከዚያ ድረስ የምሄደው ወደማላውቀው አገር ነበር። ከዚያ ቃል በኋላ ግን የዘመድ ቤት ፍለጋ እንደምትሄድ ሴት ሆንሁ።

ከነፋስ መውጫ በኋላ ያለውን ጥቂቱን በመኪና፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ቤተ ልሔም ደረስሁ። ደብሩ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ሌላው የገጠር ደብር ክብ ነው። ከክቡ ጣሪያ ሥር ግን በተጠረበ ድንጋይ የታነጸ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ተሸሽጓል። ውጭውን አይቶ የሚመለስ መንገደኛ ምን ትቶ እንደሄደ አያውቅም። ስልኬ ላይ ምዕራፍ እየቆጠርሁ ያለፍሁባቸውን ዓመታት አሰብሁ። ክቡን ዞሬ ዞሬ የተመለስሁ እኔ ነበርሁ።

ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። ይህን ስም እኛ ከካርታ ላይ ብቻ አናውቀውም። በየአጥቢያችን ቅጽር ውስጥ ቤተ ልሔም የምትባል ትንሽ ቤት አለች፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጀው በእርሷ ውስጥ ነው። ምእመናን ስንዴውንና ዘቢቡን «መገበሪያ» ብለው ያመጣሉ፤ ዲያቆናቱ ሌሊት ያዘጋጁታል፤ ከዚያ ቃጭል እየተመታለት ወደ መቅደስ ይገባል። ከገበሬ ጎተራ የወጣ ስንዴ ቅዱስ ሥጋው ለመሆን የሚነሣው ከዚያች ጭስ ከጠገበች ቤት ነው። ጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ደግሞ የምትጋግረው ድጓ ነው። የዜማ ተማሪ በየአገሩ፣ በየመምህሩ ሲማር ኖሮ፣ ድጓውን ለማስመስከር የሚመጣው እዚህ ነው።

ይህች የእንጀራ ቤት የተሠራችው ጥጋብ ባለበት አገር አይደለም። ጋይንት ዝናብ በተዛነፈ ቁጥር የሚቸገር፣ ብዙ ቤተሰቦቹ በሴፍቲኔት የሚረዱ አገር ነው። ስሟን ያወጡላት አባቶች ምን አስበው እንደ ሆነ ባላውቅም፣ የይሁዳዋ ቤተ ልሔምም እንዲህ እንደ ነበረች ትዝ አለኝ። በመጽሐፈ ሩት መጀመሪያ ላይ አቤሜሌክ ሚስቱን ኑኃሚንንና ሁለት ልጆቹን ይዞ የተሰደደው ከዚያችው ከእንጀራ ቤት ነው፤ ያሰደደውም ረኃብ ነበር። ይህን ታሪክ በልቤ ይዤ ወደ ጉባኤ ቤቱ ሄድሁ።

የተማሪዎቹ ጎጆዎች እንደ ንብ ቀፎ ተጠጋግተው ተሠርተዋል። ውስጣቸው መደብ፣ ጥቂት ዕቃ፣ በግድግዳ የተንጠለጠለ አኩፋዳ፣ አንዳንዱ ጋ የበግ ለምድ አለ። የኔታ ከአንድ ዛፍ ሥር በድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ተማሪው መጽሐፉን ዘርግቶ እያየ ያዜማል፣ እርሳቸው መጽሐፍ ሳይዙ በቃላቸው ያርሙታል። አንዲት ጭረት ስትታለፍ ወይም ርክርኩ ሳይንጠባጠብ ሲቀር በትራቸውን መሬት ላይ መታ ያደርጋሉ፤ ልጁም ይመለሳል። እነዚህን በቃላቱ ራስ ላይ የሚጻፉ ምልክቶች በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በተድባበ ማርያም የሠሯቸው አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ሊቃውንቱ ምልክቶቹን የሚያስተምሩት ከጌታ ሕማም ጋር እያገናኙ ነው፤ ጭረቱ የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርኩ የደሙ ነጠብጣብ ነው ይላሉ። እዚያ ያለ ልጅ ሲያዜም ጉሮሮው ሕማማቱን እየተከተለ ነው።

ትምህርቱ ጋብ ሲል ቀርቤ መስቀል ተሳለምሁና የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ነገርኋቸው። አባቴን አላስታወሱትም፤ ከእርሳቸው በፊት ከነበሩት መምህር ዘንድ ነው የተማረው።

«የኔታ፣ ድጓ በስንት ዓመት ያልቃል?» አልኋቸው።

«እንደ ተማሪው ነው። የሚቸኩል አያገኘውም» አሉኝ። «ቀን ከእኔ አፍ ቀለም ይቀበላል፤ ሌሊት ያንኑ ሲያመላልስ ያድራል። በሬውን አይተሽው የለም? ቀን የጋጠውን ሌሊት ያመሰኳል። በኦሪቱ የማያመሰኳ እንስሳ ንጹሕ አይባልም። አንድም፣ ቃለ እግዚአብሔርን ሰምቶ የማያመላልስ ሰው እንደዚያው ነው።»

«አንድም» ሲሉ ፈገግ አልሁ፤ አባቴም ተረት ሲነግረን በዚህች ቃል ነበር ወደ ሁለተኛው ፍቺ የሚሻገረው። የእኛ ሊቃውንት አንዱን ቃል ሲተረጉሙ በአንድ ፍቺ አይለቁትም። «አንድም» ብለው ያገላብጡታል፣ እንደገና «አንድም» ብለው ሌላ ጎኑን ያሳያሉ። የመንጋጋ ሥራ ነው። አጥንት የያዘ ሰው በአንድ ንክሻ መቅኑን አያገኝም።

«ከተማሪዎቹ ውስጥ የትኛው እንደሚዘልቅ ገና ሲመጣ ይለያል?»

«የራበው ይዘልቃል» አሉ፤ ቆይተውም «የሆዱን አይደለም የምልሽ» ሲሉ አከሉበት።

ከዚያ የቅዱስ ያሬድን ታሪክ አነሡ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም የተነሣው ይህ የዜማ አባት፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ከመምህሩ ቁጣ ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ማረፉን፣ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ እየሞከረች ስትወድቅ፣ ወድቃም ስትነሣ፣ በመጨረሻም ስትደርስ ማየቱን የማናውቅ የለንም። እኔ ታሪኩን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ የጽናት ታሪክ ነው ብዬ ነው የያዝሁት። ሰባት ጊዜ ወድቆ መነሣት።

«ትሏ ለምን ነበር የምትወጣው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዝም አልሁ።

«ልትበላ ነዋ! ላይ ፍሬ አለ። ፍሬ ባይኖር ማን እየወደቀ ይወጣል? ያሬድ ያየው ጽናቷን ብቻ አይደለም፤ ረኃቧን አየ። እርሱም ራበው። ተመልሶ ገባ።»

ያን ሌሊት ይህን ሳመሰኳ አደርሁ። ለዓመታት ራሴን የወቀስሁት ጽናት የለኝም፣ ንባቤን አቋርጣለሁ እያልሁ ነበር። ዕቅድ አውጥቼ አውቃለሁ፤ በዓመት ብሉይና ሐዲስን ልጨርስ ብዬ በየቀኑ ምልክት አድርጌያለሁ። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ሰው የሚኖረው በእንጀራ ብቻ እንዳልሆነ ሲናገር፣ ጌታም በገዳመ ቆሮንቶስ ያንኑ ለፈታኙ ሲመልስ፣ ነገሩ የተያያዘው ከመና ጋር ነው። መና በየጠዋቱ የሚለቀም ነበር። ለነገ ብሎ ያሳደረው ትል አፈራበት። እኔ ለቃሚ መሆኔ ቀርቶ አጠራቃሚ ሆኜ ነበር። የመዘገብሁት እየበዛ ሄደ፣ የበላሁት ግን አልነበረም።

ያረፍሁት ከደብሩ ጥቂት ወረድ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ዘንድ ነው። በማግሥቱ ምጣድ ጥደው አገኘኋቸው። ሊጡ ገብስ የበዛበት ቅይጥ ነው። የመጀመሪያዋ፣ ማሟሻዋ፣ ወጣች፤ ለልጅ ልጆቻቸው አኖሯት። ሁለተኛዋ ዓይኗ ጥርት ብሎ፣ ዳሯ ተነሥቶ ስትወጣ እማማ በሰፌዱ ላይ ለብቻዋ ዘረጓት።

«እሷስ?» አልኋቸው።

«የተማሪ ናት።»

የአባቴ ቃል ነበረች። ቃሏ ብቻም አይደለችም፤ አባባሏም ራሱ ነው። ጭሱን ሰበብ አድርጌ ፊቴን አዞርሁ።

ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹ መጡ። መጀመሪያ ውሻው ጮኸ፤ ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ «በእንተ ስማ ለማርያም!» የሚል የልጅ ድምፅ ተሰማ። እማማ እንጀራዋን ቆራርሰው አንዱን ቁራሽ ሰጡት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ተቀበለና አኩፋዳው ውስጥ ከተተው። ወደ ውስጥ አየሁ። የጤፍ አለ፣ የገብስ አለ፣ የማሽላ አለ፤ ከላዩም እፍኝ የባቄላ ቆሎ ፈስሶበታል። የአሥር ቤት እጅ በአንድ ከረጢት ውስጥ ተቀላቅሏል። የማይበላው ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል፣ ለክፉ ቀን።

ያን ከረጢት ሳይ ድጓ ራሱ ምን እንደሚመስል ገባኝ። ያሬድ ድጓን የደረሰው ከብሉይ፣ ከሐዲስና ከሊቃውንት ቃል ወስዶ፣ ለየበዓሉና ለየወቅቱ አዛምዶ ነው። ከኢሳይያስ ደጅ ቆሟል፣ ከዳዊት ደጅ ቆሟል፣ ከወንጌላዊው ዮሐንስ ደጅ ቆሟል፤ የሰጡትን ሁሉ ወደ አንድ ሰብስቦ ዓመቱን ሙሉ የምትበላበትን ስንቅ ለቤተ ክርስቲያን አስቀመጠላት። ሰሎሞን ጥበብን በከተማ በር ቆማ ድምፅዋን እንደምታሰማ ሴት አድርጎ ሥሏታል። ሥዕሉ ለእኔ ሁልጊዜ የሩቅ ነገር ነበር። ጋይንት ላይ ግን ጥበብ ባዶ እግሯን፣ ዱላ ይዛ፣ ውሻ እየተከላከለች፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ ደጅ ላይ ስትጣራ ሰማኋት። ትለምናለች፤ ለሰጣትም ትሰጣለች።

«እማማ፣ ለእርስዎስ በቂ አለዎት?» አልኋቸው ልጁ ከሄደ በኋላ።

«የዘንድሮው ደህና ነው። ባምናው ለዘርም አልተረፈን።»

«ባምናስ ሰጥተዋል?»

እንደማይጠየቅ ነገር አድርገው አዩኝ። «ታዲያ ተማሪው የት ይሂድ? ... ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ጋቢዬን ለብሼ እዚህ ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ። ከላይ ሲያዜሙ ይሰማል። አንዱ ድምፁን ሲያወጣ ‹ያቺ የእኔ ናት› እላለሁ። ልጁ ድምፁን ከየት አመጣው? እንጀራዬን በልቶ አይደለም?»

እኔ እንጀራንና ቃልን ስለያያቸው ነበር የኖርሁት። የጌታን ቃል የምሰማው እንጀራን ዝቅ፣ ቃልን ከፍ እንዳደረገ ብቻ ነበር። እማማ ግን እንጀራቸው ወደ ዜማ ሲለወጥ ይሰማሉ። እንጀራቸው በልጁ ጉሮሮ አልፎ ቃል ይሆናል፤ ቃሉም በሌሊት ተመልሶ ደጃፋቸው ላይ ያጠግባቸዋል። መጽሐፉን ማንበብ የማይችሉት እኒህ ሴት፣ መጽሐፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳይቋረጥ ያደረጉት ናቸው። ብራና ዳማቂው፣ ጸሐፊው፣ መሪጌታው፣ ሊቁ በስም ይታወሳሉ። ሁሉንም ያበላቸው ምጣድ ግን ስሙ በየትም አልተጻፈም።

ኑኃሚንን ያስታወሰኝ ይህ ነው። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ሞአብ ቀብራ፣ እግዚአብሔር ሕዝቡን በእንጀራ እንደ ጎበኘ ሰምታ ወደ እንጀራ ቤት ስትመለስ፣ የአገሯ ሴቶች በስሟ ሲጠሯት እኔን መራራ በሉኝ ያለች ሴት ናት። አብራት የመጣችው ምራቷ ሩት ለዚያች ያዘነች እናት ስብከት ስትሰብክላት መጽሐፉ ላይ አላነብም። ገብስ በሚታጨድበት ወራት ወደ ቦዔዝ እርሻ ወጥታ ቃረመች። በምሳ ሰዓት ከተሰጣት በልታ ጠገበችና የተረፋትን ሸሽጋ አቆየች። ማታ ቃርሚያዋን ተሸክማ ስትገባ፣ ያቺን የተረፈች ምሳ አውጥታ ለአማቷ ሰጠቻት። በመራራዋ ሴት አፍ ላይ ምርቃትና ምስጋና የተመለሰው ያን ምሽት ነው።

ጓደኛዬ አጠገብ የተቀመጥሁበት ቀን ፊቴ ላይ መጣ። እኔ የፈለግሁት ጥቅስ ነበር። ሩት የያዘችው ቁራሽ ነው። ከአፌ ቃል ባይወጣ፣ ከምሳዬ የተረፈች ቁራሽ በእጄ ይዤ ብገባ ኖሮ ቃሉ ራሱ መንገዱን ያገኝ ነበር።

ሩት ልትቃርም የቻለችውም ሕግ ስለ ነበረላት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን የእርሻቸውን ዳር አጥርተው እንዳያጭዱ፣ ቃርሚያውንም እንዳይለቅሙ፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተዉት ባለ እርሻዎችን ያዛል። የእርሻው ዳር! አባቴ እርሻ አልነበረውም። ደመወዝ ነበረው፤ በወር የሚሸመት ጤፍና በቀን የሚቆረስ እንጀራ ነበረው። ስለዚህ የእንጀራውን ዳር ተወ። በሦስት ዓመት የተማሪነት ዘመኑ የበላው የሰው ማሳ ዳር ነበርና፣ እርሱም በተራው ያለውን ዳር ሳያጭድ ኖረ።

ከዚያ ከእርሻ ዳር ምን በቀለ? ሩት ቦዔዝን አግብታ ኢዮቤድን ወለደች፣ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይ ዳዊትን ወለደ። በአገራችን ንባብ ቤት የሚገባ ልጅ ሁሉ በመጨረሻ የሚደግመውና ዳዊት ደገመ የሚባልለት መዝሙር ከዚያች ቃርሚያ ዘር የመጣ ነው። አንድ ባለ እርሻ ለባዕድ ሴት በተወው ጥቂት ገብስ ምክንያት ዛሬ በጨነቀን ጊዜ የምንደግመው ዳዊት አለን። ከዳዊትም ወገን በዚያችው በእንጀራ ቤት፣ በግርግም፣ የሕይወት እንጀራ ተወለደ።

በሦስተኛው ቀን ስለ መጻሕፍት ስንጫወት የኔታ አንድ አሮጌ ድጓ አስመጥተው አሳዩኝ። ቀድሞ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር፤ የታተመው የመጣው በኋላ ነው። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ጥቁር ቀለሙን ስጠይቅ፣ ጥቀርሻና ተቃጥሎ የከሰለ እህል ከሌሎች ነገሮች ጋር ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ብዙ ጊዜ ቆይቶ የሚዘጋጅ መሆኑን ነገሩኝ። እህል! ሕዝቅኤል መጽሐፉን እንዲበላ ታዝዞ ሲበላው በአፉ እንደ ማር እንደ ጣፈጠው ሳነብ፣ እንዴት መጽሐፍ ይበላል እል ነበር። ዮሐንስም በራእዩ ያንኑ ሲያደርግ ለአፉ ጣፍጦት ለሆዱ መሮታል። በጣቴ የነካሁት መጽሐፍ ግን ከገበሬ አውድማ በመጣ እህል፣ ከእረኛ በረት በወጣ ቆዳ ላይ የተጻፈ ነው። ከመጀመሪያውም ማዕድ ነበር።

«ሆድ ሲገባ የመረረው ለምንድን ነው የኔታ?»

«መኖር ስላለ ነዋ» አሉኝ። «ማንበቡ ይጣፍጣል። ሲኖሩት ይመራል። ምሬቱን ፈርቶ የተፋው ግን ጣዕሙንም ያጣዋል።»

ልሰናበት ስል አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። አባቴ ጠዋት ጠዋት የሚያንጎራጉራትን ዜማ ቃሏን አላውቃትም፤ ዜማዋን ግን አውቃታለሁ። አፍሬ ነበር፤ ጥቂት አንጎራጎርሁላቸው። የኔታ በትራቸውን አቆሙ። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምሁት። «ይኸ የአስተምሕሮ ነው፤ አሁን ያለንበት ወቅት» አሉና ወደ ልጆቹ ዞሩ። ያ ከእማማ ደጅ ቁራሽ ሲቀበል ያየሁት ትንሽ ልጅ ተነሣ። ዓይኑን ጨፍኖ ከመጀመሪያው ያዘው። አባቴ ሁልጊዜ የሚያቆምባት ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝሁ። ልጁ አላቆመም። ዜማው ወደ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ በቀስታ ወረደ፣ አረፈ። ለአርባ ዓመት በአንድ የኮት ቁልፍ ላይ ቆሞ የነበረው ነገር መጨረሻ ነበረው።

«አባትሽ አልጨረሰም ብለሽ አትዘኝ» አሉኝ የኔታ። «ድጓን አንድ ሰው አይጨርሰውም። አንዱ ካቆመበት ሌላው ይቀበላል።»

ያ ቀን የመጨረሻዬ ነበርና እማማ ምጣዱን ለእኔ ለቀቁልኝ። ማሟሻዋን ለልጆቹ አኖርሁ። ሁለተኛዋን በሰፌድ ላይ ዘረጋሁ። ውሻው ሲጮኽ እማማ «አንቺ ስጪው» አሉኝ። ወጣሁ። ያው ትንሹ ልጅ ነበር። ዳሯን ቆርሼ በሁለት እጄ ሰጠሁት። አባቴን ያበሉት የማላውቃቸው እጆች ሁሉ በዚያች ሰዓት ከእጄ በታች እንደ ነበሩ ይሰማኛል።

ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ወደ ደጅ ብወጣ እማማ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል። ከላይ ከጎጆዎቹ መካከል አንድ ቀጭን ድምፅ የዕለቱን ቀለም ያመላልሳል። የአባቴ ዜማ ናት። ልጁ መሐሏ ላይ ሲደርስ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ያዛት፣ አሻገራት።

እማማ ጉልበቴን በእጃቸው ነካ አደረጉኝ።

«ስሚ» አሉኝ። «ያቺ የአንቺ ናት።»